ርካሽ ሌንስና ቅርብ ሰው፦ የዕለት ተዕለት ኑሮን በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስለ ማንሣት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ በቃል ከቀረበው ንግግር ተገልብጦ መጠነኛ እርማት የተደረገበት)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ አንድ ወዳጄ «የፊዚክስ መምህር ስለ ርካሽ ሌንስ ምን የሚናገረው አለው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። የብርሃንን ጠባይ ከሃያ ዓመት በላይ በሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ያስተማርሁት ነገር በገዛ ቤተሰቤ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው የገባኝ ግን በጣም ዘግይቶ ነው። ንግግሬን ከዚያ ልጀምር።

እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከሐዘኑ በኋላ ከእኅቴ ጋር ተቀምጠን የቤቱን አልበም ስንገልጥ እናታችን የምትታይባቸው አሥራ አራት ፎቶግራፎች አገኘን። ሠርጓ፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶዋ፣ የልጆች ክርስትና፣ የእኔ ምረቃ፣ የእኅቴ ሠርግ። በሁሉም ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች ወይም ተቀምጣለች። ምስር ስትለቅም፣ ቡና ስትቆላ፣ በማድቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከጎረቤት ጋር ስትጫወት የሚያሳይ ግን አንድም አልነበረም። እኛ የምናውቃት እናት በአልበሙ ውስጥ የለችም።

ካሜራ አጥተን አይደለም። ከማረፏ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ካሜራ ገዝቼ ነበር። አንድ ምሽት ቡና ስታፈላ ላነሣት ሞከርሁ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ፍላሹን ስጠቀም ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጨለመ፣ እርሷም ዓይኗን ጨፈነች። ፍላሹን አጥፍቼ ስሞክር ደግሞ እጇም ጀበናውም ደበዘዙ። ሃያ ያህል አንሥቼ ሁሉንም ሰረዝኋቸው። «ለፋሲካ፣ በቀን ብርሃን አነሣሻለሁ» አልኋት፤ ለፋሲካም በሐበሻ ቀሚሷ አቁሜ አነሣኋት። ከአሥራ አራቱ አንዱ እርሱ ነው።

ያን ምሽት የደበዘዘው ሥዕል ለምን ደበዘዘ? ይህ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በጣም ቀላል ነው። በዋጋው ከሌንሶች ሁሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ የሆነው፣ ዙም የሌለው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ችግሩን በፈታው ነበር። ዛሬ የማስረዳው ይህ ሌንስ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚጎድለውና ከተጠቃሚው ምን እንደሚጠይቅ ነው።

ብርሃኑ ለምን አልበቃም?

የሌንስ ቀዳዳ እንደ ቤት መስኮት ነው። መስኮቱ ሲሰፋ ቤቱ ይበራል። በሌንስ ላይ የተጻፈው «ኤፍ» የሚባለው ቁጥር የዚህን መስኮት ስፋት ከሌንሱ የትኩረት ርቀት ጋር አነጻጽሮ ይነግረናል። ኤፍ 1.8 ማለት የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ዲያሜትር ሲካፈል ውጤቱ 1.8 ነው ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ሌንሶችን እናወዳድር። ከብዙ ካሜራዎች ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዙም ወደ 50 ሚሊ ሜትር ሲሳብ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 ብዙም አይሰፋም። 50 ለ5.6 ሲካፈል 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ዙም የሌለው የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን 28 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። የሚገባው ብርሃን የሚለካው በቀዳዳው የቦታ ስፋት ስለ ሆነ ልዩነቱ ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

ይህ ቁጥር በቤት ውስጥ ምን ማለት ነው? በተራ የቤት መብራት፣ የካሜራውን የብርሃን ስሜት፣ ማለትም አይ.ኤስ.ኦ.ውን፣ 1600 ላይ አድርገን በኤፍ 5.6 ብናነሣ፣ ሻተሩ ለ1/15 ሰከንድ ያህል ተከፍቶ መቆየት ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቡና የምትቀዳ እጅ ብዙ ትንቀሳቀሳለች። በኤፍ 1.8 ግን 1/150 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ጀበናው ሲያዘነብል፣ ቡናው ወደ ስኒው ሲወርድ፣ ፈገግታው ከመጥፋቱ በፊት ሥዕሉ ይያዛል። የእናቴ እጅ የደበዘዘው በ1/15 እና በ1/150 ሰከንድ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

«ዙሙ መንቀጥቀጥን የሚከላከል መሣሪያ አለው» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አለው። ነገር ግን ያ መሣሪያ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ እንጂ የተነሺውን እጅ አይደለም። አይ.ኤስ.ኦ.ውን አሥር እጥፍ ከፍ ማድረግም ይቻላል፤ ዋጋው ግን በተለይ በቆዩ ካሜራዎች ላይ ሥዕሉ በነጠብጣብ መወረሩ፣ የቆዳ ቀለምና የጥላ ዝርዝር መጥፋቱ ነው። ፍላሹም ቢሆን ከካሜራው ራስ ላይ በቀጥታ ሲበራ የክፍሉን ብርሃን ይደመስሳል። የአንድ ቤት ምሽት ደግሞ አብዛኛው መልኩ ከዚያ ብርሃን የሚመጣ ነው፤ ከአንድ አምፖል፣ ከከሰሉ ፍም፣ በበሩ ከሚገባው የመጨረሻ የቀን ብርሃን።

ርካሽ የሆነው ስለ ምንድን ነው?

ርካሽ ነገር ሁሉ ደካማ ይመስለናል። የዚህ ሌንስ ርካሽነት ግን ከጥበቡ ዕድሜ የመነጨ ነው። የመሠረቱ ንድፍ ጀርመናዊው ፓውል ሩዶልፍ በሳይስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1896 «ፕላናር» ብሎ ከሠራው ሌንስ ጋር ይዛመዳል። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ መስተዋቶች ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ሆነው በሚዛን ይደረደራሉ፤ አንዱ ወገን የሚፈጥረውን መዛባት ሌላው ወገን በከፊል ያቃናዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሻሻል የኖረ መልስ ስለ ሆነ ለፋብሪካ አዲስ ምርምር አይጠይቅም።

በምሳሌ ላስረዳ። ካነን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ስድስት መስተዋቶች ብቻ አሉት፤ ክብደቱ 160 ግራም ያህል ነው፤ ሲወጣ በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋ 125 ዶላር ነበር። ዙም ሌንስ ግን የትኩረት ርቀቱን እየቀያየረ ሥዕሉን ጥርት አድርጎ መያዝ ስላለበት ብዙውን ጊዜ ከአሥር በላይ መስተዋቶችና እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱ ክፍሎች ያስፈልጉታል። ቋሚው ሌንስ አንድ ሥራ ብቻ ስለ ተሰጠው በጥቂት መስተዋት ብዙ ብርሃን ያስገባል።

50 ሚሊ ሜትር የሚለው ቁጥርም ታሪክ አለው። ኦስካር ባርናክ የነደፈው የላይካ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ሲቀርብ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ሥዕል ይይዝ ነበር፤ ሌንሱም 50 ሚሊ ሜትር ነበረ። ከዚያ በኋላ ይህ ርቀት የተለመደው ሌንስ ሆነ። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲየ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በዚሁ ሌንስ መሆኑ የታወቀ ነው። የመንገድ ሕይወትን በማንሣት ስሙ የተጠራ ሰው ለረዥም ዘመን አንድ ዐይነት ሌንስ በቅቶታል።

ስለ ርቀትና ስለ እግር

ዙም የሌለው ሌንስ ሲገዙ ሰዎች መጀመሪያ የሚያማርሩት «ማቅረብና ማራቅ አይቻልም» ብለው ነው። ይቻላል፤ የሚቀርበውና የሚርቀው ግን አንሺው ራሱ ነው። ይህም በሥዕሉ ላይ ከዙም የተለየ ውጤት አለው።

የነገሮች አንጻራዊ መጠን በሥዕል ላይ የሚወሰነው በቆምንበት ርቀት ነው። አንድን ሰው ከግማሽ ሜትር ብናነሣው አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ ለሌንሱ በጣም ስለሚቀርብ ያለ ልክ ይገዝፋል። ከአንድ ሜትር ተኩል ብናነሣው ፊቱ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንጫወት የምናየውን መልክ ይይዛል። ዙም ከአንድ ቦታ ሆነን ሥዕሉን ያሰፋዋል ወይም ያጠበዋል እንጂ ይህን ዝምድና አይለውጠውም። ስለዚህ በቋሚ ሌንስ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው የሚማረው ትምህርት የመቆሚያ ቦታን መምረጥ ነው።

እዚህ ላይ ለገዢ የሚጠቅም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አብዛኞቹ የተማሪ ካሜራዎች የብርሃን መቀበያቸው ከላይካው ሥዕል ያነሰ ነው፤ በካነን 1.6 ጊዜ፣ በኒኮን 1.5 ጊዜ ያህል። በእንዲህ ያለ የካነን ካሜራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚያሳየው ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ሰው ፊትና ትከሻ መልካም ነው። በጠባብ ክፍል ውስጥ ረከቦቱን፣ ቡና አፍዪዋንና እንግዶቹን አንድ ላይ ለማሳየት ግን አይበቃም፤ ወደ ኋላ ስትሉ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። የቤታችሁ ክፍል ጠባብ ከሆነና ካሜራችሁ ከእነዚህ ዐይነት ከሆነ፣ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ወይም አቻው የተሻለ ምርጫ ነው። ከሁለት ሜትር 1.3 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያል። ዋናው ሐሳብ ቁጥሩ ሳይሆን ቋሚነቱና የቀዳዳው ስፋት ነው።

ጉድለቶቹ

ሌንሱን ከሚገባው በላይ ላመሰግነው አልፈልግም። በኤፍ 1.8 ሲከፈት የሥዕሉ ጠርዝ ላላ ይላል። አካሉ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ትልቁ ፈተና ግን የጥራቱ ስፋት ማነሱ ነው። ባነሱት ካሜራዎች ላይ በኤፍ 1.8 ከአንድ ሜትር ብናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ከፊት እስከ ኋላ ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። አንዱ ዓይን ጥርት ሲል ሌላው ይደበዝዛል። ከሁለት ሜትር ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 ብናጠብበው ደግሞ ከ20 ሴንቲ ሜትር ያልፋል።

ጀማሪዎች ዳራው ሲደበዝዝ ይማረካሉ፤ ሁሉንም በኤፍ 1.8 ያነሣሉ። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ሥዕል ይህ ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። ከእናቴ ኋላ የነበረው የዕቃ መደርደሪያ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ፣ የተላጠው ቀለም ለእኔ ዛሬ ከፊቷ ቀጥሎ የሚያስፈልጉኝ ነገሮች ናቸው። ብርሃን ሲኖር ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ አንሡ። ስፋቱን ጨለማው ሲያስገድዳችሁ ተጠቀሙበት።

ከሰው ፊት መቆም

አሁን ፊዚክስ ወደማይመልሰው ጥያቄ እመጣለሁ። ፎቶግራፍ በሀገራችን ለረዥም ዘመን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነበር። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቀጠሉበት ልጆቻቸው ትተውልን ያለፉት ሥዕል በአብዛኛው የክብር ሥዕል ነው። በኋላም ተራው ሰው ወደ ፎቶ ቤት ሲሄድ ለብሶና ተዘጋጅቶ ነው የሄደው። ሰው በሥዕል ውስጥ እንዴት ሊታይ እንደሚገባው የያዝነው ሐሳብ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ሐሳቡም ክብር ያለው ነው።

ሌንሱን ከገዛሁ በኋላ አክስቴን ምስር ሲለቅሙ ላነሣቸው ፈቃድ ጠየቅሁ። «በዚህ ልብስ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ከለከሉኝ። አልተከራከርኋቸውም። ካሜራውን አስቀምጬ አብሬአቸው ለቀምሁ። በሌላ ሳምንት ስሄድ ራሳቸው «ያ ነገርህ የት አለ?» አሉኝ፤ ሥዕሉ ከቤት እንዳይወጣ ግን ቃል አስገቡኝ። በመስኮቱ በኩል በሚገባው ብርሃን በኤፍ 2.8 አነሣኋቸው። ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ የማላሳያችሁ ስለዚህ ነው።

ይህን ያነሣሁት ረዥም ዙም ካለው ሰው ጋር ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነው። በረዥም ዙም ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሰውን ፊት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ይቻላል። በ50 ሚሊ ሜትር ፊት ለማንሣት ግን በተራ ድምፅ መነጋገር በሚቻልበት ርቀት መቆም ግድ ነው። በዚያ ርቀት ሰላምታ ሳይሰጡ፣ ሳያስፈቅዱ መቆም ነውር ነው። ሌንሱ ጨዋ አያደርገንም፤ ነገር ግን ጨዋነት የጎደለውን ሰው ቶሎ ያጋልጠዋል።

ስልካችንስ?

«ስልኬ ይህን ሁሉ ያደርጋል» የምትሉ አላችሁ። የስልክ ካሜራም ኤፍ 1.8 ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ሆኖም የትኩረት ርቀቱ ለምሳሌ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በእኩል ርቀት ካለ አንድ ነጥብ የሚቀበለው ብርሃን ከ50 ሚሊ ሜትሩ ወደ 70 ጊዜ ያህል ያንሳል። ስልኮች ይህን ጉድለት የሚሸፍኑት ተከታታይ ሥዕሎችን በፍጥነት አንሥተው በሒሳብ በማዋሐድ ነው። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፤ የሚንቀሳቀስ እጅ ላይ ሲደርስ ግን ይቸገራል። ካሜራ የሌላችሁ በስልካችሁ አንሡ፤ በጣታችሁ ከማስፋት ይልቅ በእግራችሁ ቅረቡ።

ለተማሪዎች የምሰጠው ምክር

ሌንሱን ለመግዛት የምታስቡ ያገለገለ ልታገኙ ትችላላችሁ። የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱና ገጥማችሁ ሞክሩት። ወደ ብርሃን አዙራችሁ በመስተዋቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ መኖሩን ተመልከቱ። የቀዳዳው ስለቶች ዘይት እንዳልነካቸው አረጋግጡ። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የትኩረት ሞተር በውስጣቸው ስለሌለ «ዲ» የሚል ምልክት ያለው የቆየ ሌንስ በእነርሱ ላይ በራሱ አያተኩርም፤ በእጅ ማዞር ይጠይቃል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው የተመለሱ ተማሪዎች አጋጥመውኛል።

ከዚያ ለአንድ ወር በዚህ ሌንስ ብቻ፣ በቤታችሁ ውስጥ ብቻ አንሡ። አምፖሉን ወደ ሥራው አስጠጉ ወይም ሰውዬውን ወደ መስኮቱ። ሻተሩን ከ1/125 ሰከንድ አታዘግዩ። ትኩረቱን ለእናንተ በቀረበው ዓይን ላይ አድርጉ። በወሩ መጨረሻ አሥሩን መርጣችሁ አሳትሙ፤ በጀርባቸው ቀኑን፣ ቦታውንና የሚሠራውን ሥራ ጻፉ፤ አንዱን ቅጂ ለተነሣው ሰው ስጡ። በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ የቀረ ሥዕል መሣሪያው ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ስትሠሩም የሚደበዝዙ ይኖራሉ። አትሰርዟቸው። በዚያ ምሽት የሰረዝኋቸው ሃያዎቹ ምንም ያህል ቢደበዝዙ እናቴ ቡና ስታፈላ የሚያሳዩ ብቸኛዎቹ ሥዕሎች ነበሩ። ልጄ አያቷን የምታስታውሰው በመጠኑ ነው። «ቡና ስታፈላ እንዴት ነበረች?» ብላ ስትጠይቀኝ በቃል እነግራታለሁ፤ የማሳያት ግን የለኝም።

ጥያቄም ሆነ ተቃውሞ ያላችሁ ብትናገሩ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።